የሁዳዴ እንቁላል

የመጀመሪያው እንቁላል የተጣለው ሁዳዴ በተያዘ ሰኞ ጠዋት ነው።

ከዶሮ ቤቱ አንዷ ስታስካካ ሰማሁና ጫማዬን በቅጡ ሳላጠልቅ ወጣሁ። ገባሁ። ገባሁ ስል እስከ ወገቤ ነው፤ በሩን ራሴ ስለሠራሁት ከዚያ በላይ አያስገባም። እጄን ወደ ጭዱ ሰደድኩ። ትንሽ ናት፣ ቡናማ፣ ጫፏ ላይ አንዲት የደም ነጥብ አለባት፣ ገና ትሞቃለች። ስድሳ ዓመት ሙሉ እንቁላል በልቻለሁ፤ ከዶሮ ሥር የወጣ ትኩስ እንቁላል በእጄ ይዤ ግን አላውቅም ነበር። ከመሥሪያ ቤት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ የገባሁበት ጊዜ አልነበረም።

ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን እያጣጠፈች ነበር። እንቁላሉን በሁለት እጄ ይዤ ዘረጋሁላት።

«ይኸው!» አልኳት።

እንቁላሉን አየች። እኔንም አየችኝ። «እንኳን ደስ ያለህ» አለች። ነጠላዋን አስቀመጠችና ዞር ብላ፣ «እና አሁን ማን ሊበላው ነው?» ስትል ጠየቀች።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ትናንት ቅበላ ነበር፤ ዶሮ ወጡን ስንበላ ውለን ሆዴን ይዤ ነው የተኛሁት። ከዛሬ ጀምሮ ሃምሳ አምስት ቀን ጾም ነው። በእኛ ቤት፣ በግራችን ባለው ቤት፣ ፊት ለፊታችን ባሉት ሁለት ቤቶች፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በምትኖረው ልጃችን ቤት ሳይቀር፣ ለሃምሳ አምስት ቀን እንቁላል አፉ ላይ የሚያደርስ ሰው የለም። ኧረ እኔ ራሴ ጾመኛ ነኝ!

እንዲህ ያለ ስሕተት የሠራሁት ግዴለሽ ሆኜ ቢሆን ኖሮ ባልከፋኝ። የሠራሁት በዕቅድ ነው።

ሠላሳ ሁለት ዓመት የበላሁት እንጀራ የዕቅድ እንጀራ ነው። የመሥሪያ ቤታችንን ዕቅድ የማወጣው እኔ ነበርኩ። የውሃ ጉድጓድ የት እንደሚቆፈር፣ በየትኛው ሩብ ዓመት እንደሚጀመር፣ በየትኛው እንደሚጠናቀቅ በሠንጠረዥ አስፍሬ፣ አስፈርሜ፣ ማህተም አስመትቼ እሰዳለሁ። ወረቀቱ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ወሬው አይሰማም። ከአቀድኳቸው ጉድጓዶች መካከል የአንዱን ውሃ እንኳ ቀምሼ አላውቅም። የጡረታ ሽኝቴ ላይ ብዙ ምስጋና ተነበበልኝ፤ እኔ ግን ወንበሬ ላይ ሆኜ የማስበው ሌላ ነበር። ይህ ሁሉ ዕቅድ የት ገባ? ከመሞቴ በፊት አንድ ነገር፣ ትንሽም ብትሆን፣ ራሴ አቅጄ፣ ራሴ ሠርቼ፣ ስትሆን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ለምን ዶሮ እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ግቢያችን የሚችለው ዶሮ ብቻ ስለሆነ ይሆናል።

የምንኖረው ነፋስ ስልክ ነው፣ ቤቶቹ እርስ በርስ ትከሻ ለትከሻ በተጠጋጉበት አሮጌ ሰፈር። ከቤታችን ጀርባ አንዲት ጥግ አለች። ጥጓ የባለቤቴ ናት። ጎመን፣ በሶብላና ጤና አዳም ከተከለችባት ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ ጎረቤት ሁሉ ቡና ሲያፈላ ጤና አዳም የሚቆርጠው ከሷ ነው። እኔ ያቺን ጥግ ለዶሮ ቤት ጠየቅኋት። መንዝ ውስጥ ዶሮ እያባረረች ያደገች ሴት ናት። እኔ ግን የከተማ ልጅ ነኝ፣ ዶሮን የማውቃት ድስት ውስጥ ነው።

«እስከ ፋሲካ» አለችኝ። «እስከ ፋሲካ አያቸዋለሁ። የሚረቡ ከሆነ ይቀመጡ። ካልሆነ አንድ በአንድ ድስት ይገባሉ፣ እኔም ጎመኔን መልሼ እተክላለሁ።»

«የሚረቡ ማለት ምን ማለት ነው? መለኪያው ይታወቅ እንጂ» አልኳት፤ የሥራ ነገር ሆኖብኝ።

«መለኪያው እኔ ነኝ» ብላኝ ወደ ማድቤት ገባች።

መስከረምን ሙሉ ዕቅዴን ሳወጣ ከረምኩ። ትልቅ ነጭ ወረቀት ገዝቼ፣ በማስመሪያ አስምሬ፣ በሦስት ቀለም ጽፌ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ጥቅምት፣ ግዢ። ኅዳርና ታኅሣሥ፣ እድገት። ጥር፣ ዝግጅት። የካቲት፣ ምርት። ምርት የምትለዋን በቀይ ነው የጻፍኳት። እንግዳ ሲመጣ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ላይ እንዲሆን ከበሩ ፊት ለፊት ነው ያደረግኳት። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራሁት በበጀት ዓመት ነው፤ የበጀት ዓመት ደግሞ ጾም የለውም። ጭንቅላቴ በዚያ ተቃኝቷል።

የዶሮ ቤቱን ከአሮጌ ጣውላና ከቆርቆሮ ሠራሁ፤ ፊቱን ሽቦ መታሁበት፣ ውስጡን ቆጥ አበጀሁለት። ቆንጆ ሆነ። በሩ ብቻ ጠበበ። ባለቤቴ ሚስማር ስመታ በመስኮት ታይ ነበር። ስጨርስ ወጣች፣ በሩን አየች፣ ትከሻዬን አየች፣ ተመልሳ ገባች። ለምን ዝም እንዳለች የገባኝ ኩስ ለመጥረግ የገባሁ ዕለት ነው፤ ስወጣ ቀበቶዬ ከሽቦው ጋር ተያዘና እስክትመጣ ድረስ በሆዴ ተኝቼ ጠበቅኋት።

ጫጩቶቹን መካኒሳ ሄጄ ገዛሁ፣ አሥራ ሁለት የአርባ አምስት ቀን የፈረንጅ ዶሮ ጫጩት። ሁሉም ቄብ እንደሆኑ፣ አንድም አውራ እንደሌለባቸው ሻጩ ምሎ ተገዝቶ ነገረኝ። በብስኩት ካርቶን ቀዳዳ አበጅቼላቸው፣ ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ አመጣኋቸው። መንገዱን ሁሉ ጭው ጭው ሲሉ ሰዉ ዞር እያለ ያየኛል። ሾፌሩ በመስታወት አይቶኝ፣ «ጋሼ፣ ከልጆቹ መሀል ወራጅ ካለ ቀደም ብለው ይንገሩኝ!» አለ። ታክሲው በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ካርቶኑን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት።

አሳደግኋቸው። ይህን በአፌ ሙሉ እናገራለሁ። ፈንግል እንዳይጨርስብኝ አስከተብኳቸው፣ ሲበርዳቸው አለበስኳቸው፣ መኖውን ራሴ ለካሁ፣ ውሃቸውን ጠዋትና ማታ ቀየርኩ። ካርቶን ከሞሉት ጫጩቶች አንዷም አልሞተችብኝም። የሚያሳዝነው፣ ወደ ግቢያችን ብቅ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ተረት ብቻ ነው የሚያውቀው። ውሃ ቆጣሪ የሚያነበውም፣ ለዕድር መልእክት የመጣውም፣ የነፍስ አባታችንም ሳይቀሩ ዶሮዎቹን አይተው፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። መጀመሪያ ፈገግ እል ነበር። በኋላ ትዕግሥቴ አለቀና፣ «የኔ በቅርጫት ነው የሚሄደው» ማለት ጀመርኩ።

ጥር ላይ አንዷ ቄብ ጮኸች። ጎህ ሲቀድ ነው፤ አጯጯኋ ገና ያልጠና፣ የታነቀ ሰው ዓይነት። ባለቤቴ ከአልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ሳቋ አላቆመም። እኔ ተነሥቼ ሠንጠረዡ ላይ አሥራ ሁለት የሚለውን ሠርዤ አሥራ አንድ እና አንድ ብዬ ጻፍኩ። በዕቅድ ቋንቋ ይህ ማሻሻያ ይባላል። ለገና ደርሶ ቢሆን ኖሮ አርደን እንገላገለው ነበር፤ በዓሉ ሲያልፍ ነው የታወቀበት። ዕድሜ አገኘ።

ሌላም ጣጣ ነበረብኝ፣ የጎረቤት ዶሮ። ከኋላ ግድግዳችን ማዶ የምትኖረው የስልጤ ሴት ናት፣ ከበሯ ላይ ሱቅ ያላት፣ ሥራ ወዳድና ጨዋታ አዋቂ። እናቷ ከአገር ቤት የላኩላት አንዲት ገብስማ የሐበሻ ዶሮ አለቻት፤ አጭር፣ እግሯ ላይ አንድ ጣት የጎደላት፣ ዓይነ ደረቅ። ያቺ ዶሮ ግድግዳ አያግዳትም። በየቀኑ ዘልላ ትመጣና የኔን መኖ እንደራሷ ትበላለች። በሩ ለሷ አይጠባትም። ያን ያህል ተጨንቄ የለካሁት መኖ በዕቅዴ ውስጥ በሌለች ዶሮ ሲበላ ሳይ ደሜ ይፈላል። በመጥረጊያ አባርራታለሁ፣ ግድግዳው ላይ ቆማ ታየኛለች፣ ጀርባዬን ስሰጣት ትወርዳለች።

እንግዲህ በየካቲት፣ ልክ በቀይ በጻፍኳት ወር፣ ምርቱ መጣ። ሰኞ አንድ። ረቡዕ ሦስት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በቀን ስምንት፣ አንዳንዴ ዘጠኝ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ባለቤቴን አፋጠጥኳት። «አራት ወር ሙሉ የካቲት፣ ምርት የሚል ግድግዳሽ ላይ ተሰቅሎ! አቧራውን የምታራግፊውኮ አንቺ ነሽ!»

«ጠየቅኸኝ?» አለች፣ ሽሮዋን እያማሰለች። «እኔማ ያለቀ የደቀቀ ዕቅድ መስሎኝ ነው። ማህተም ብቻ የቀረው።»

የዕለቱን እንቁላል ይዤ ወደ ፍሪጁ ሄድኩ።

ፍሪጁ ሞላ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከልብስ በታች ደረደርኩ። አልጋ ሥር ገባ። ልጄ ጋ ደወልኩ፣ ልጆቹ ይብሉት ብዬ። «አባዬ፣ በሁዳዴ? ልጆቹም እኮ ዘንድሮ ጀምረዋል!» አለችኝ። በጾም ቀን እንቁላል ተሸክሜ በር ለበር እንድዞር ክብሬ አልፈቀደልኝም፤ ሰው ምን ይለኛል? በየጠዋቱ ዶሮዎቹ ሲያስካኩ በደስታ ፈንታ ይጨንቀኝ ጀመር። ፋሲካን መፍራት ጀመርኩ። ባለቤቴ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ ግን አንድ ቀን ወደ ጥጓ ወጥታ፣ ጎመኗ የነበረበትን ቦታ በእግሯ ጫፍ ስትጭር አየኋት። የምትለካ መሰለኝ።

የመጀመሪያውን ካርቶን ከቤት ያወጣችው እሷ ናት። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ አንድ ሳምንት ላይ ነው የገቡት። ማታ ፀሐይ ልትገባ ስትል ካርቶኑን ተሸክማ ወደ ኋላ ጎረቤታችን ሄደች። «ለፍጥር ይሁናችሁ፣ የባለቤቴ ዶሮዎች የጣሉት ነው» ብላ ሰጠቻት። በማግስቱ ሳህን መጣልን፤ ተምርና የምስር ሳምቡሳ። ይዛ የመጣችው ራሷ ጎረቤታችን ናት። «እትዬ፣ በዘይት ብቻ ነው የሠራሁት፣ ወላሂ ቅቤ አልነካውም። ሳትሰጉ ብሉት» አለች። ወደ እኔም ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ አስኳሉኮ ልክ የአገር ቤት እንቁላል ነው የሚመስለው!» አለችኝ። ሳምቡሳውን እየበላሁ ያችን ቃል ደጋግሜ አላመጥኳት። ሆኖም የስድስት ሰው ቤተሰብ በቀን ዘጠኝ እንቁላል እስከመቼ ይበላል? ፍሪጃችን ትንሽ ተነፈሰ እንጂ አልጎደለም።

ኢድ አለፈ። ማግስቱ ቅዳሜ ነበር፣ የገብር ኄር ዋዜማ። ጠዋት እንቁላል ልለቅም እጄን ስሰድ የሆነ ነገር ነከሰኝ። ያቺ ገብስማ ናት። ጭዱ ላይ ተዘርግታ፣ ላባዋን ነፍታ፣ የኔን ዶሮዎች እንቁላል ታቅፋ ክርር ትላለች። መኖዬ አልበቃ ብሏት አሁን ቤቴን ልትወርስ! ጎትቼ አወጣኋትና በግድግዳው ላይ ወረወርኳት። ቁም ሳጥን ከፍቼ እስክዘጋ ተመልሳለች። ደግሜ ወረወርኳት። ተመለሰች። ሦስተኛ ጊዜ በጆንያ ጠቅልዬ ላስረክባት ስነሣ ባለቤቴ ከኋላዬ መጣች።

«አንተ ሰውዬ!» አለች። እንዲያ ስትቆጣ ከሰማኋት ዓመታት ሆኗል። «እግዚአብሔር በእግሯ የላከልህን በጆንያ ትመልሳለህ? የፈረንጅ ዶሮኮ አትታቀፍም! አሥራ አንዱም ቢያረጁ አንድ ጫጩት አያወጡልህም። አውራ ዶሮ አለህ። እንቁላል አልጋችን ሥር ሞልቷል። የጎደለህ የምትታቀፍ ነበረች፤ ይኸው ሳትጠራት መጣች። አስቀምጣት!»

አስቀመጥኳት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በሷ እጅ ነው የሆነው፣ እኔ ታዛዥ ነበርኩ። አሮጌ ቅርጫት አመጣች፣ ጭድ አነጠፈችበት። ከጭዱ ሥር አንድ ትልቅ ሚስማር ቀበረች፤ ነጎድጓድ እንቁላሉን እንዳያበላሸው ነው አለች። ከሰሞኑ የተጣሉትን እንቁላሎች አንድ በአንድ በር ላይ ቆማ በብርሃን አየቻቸው። ሹሉ አውራ ይሆናል፣ ድቡልቡሉ ቄብ ይሆናል እያለች ድቡልቡሎቹን መረጠች። አሥራ ሦስት። ቁጥሩ ጎደሎ መሆን አለበት፤ ለምን አይባልም። ወረቀት አውጥቼ ልጽፍ ስል ቀና ብላ አየችኝና ወረቀቱን ኪሴ መለስኩት።

ጎረቤታችን ዶሮዋን ፍለጋ በግድግዳው ላይ አንገቷን ብቅ ስታደርግ ነገርናት። «ዶሮዋ ያንቺ፣ እንቁላሉ የኛ። ጫጩቱ እኩል» አለቻት ባለቤቴ። በየአገራቸው ያለ ደንብ ነው፣ ሁለቱም ያውቁታል፤ ለማስረዳት የደከመ የለም። ጎረቤታችን ሳቀችና፣ «እኔ ጋ እኮ አንድም ቀን ታቅፋ አታውቅም፣ ጋሼ። ለካስ የሚመቻት ቤት አጥታ ነው!» አለች። የሚመቻት ቤት። ያን በጠባብ በር የሠራሁትን ቤት ነው የምትለው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ስሠራ እንዲህ ብሎ ያመሰገነኝ ኃላፊ የለም። ማታ ለብቻዬ ወጥቼ ቆርቆሮውን በእጄ ዳሰስኩት።

«አሁን አትይ፣ አትቁጠር፣ አትንካ» የሚል ትእዛዝ ተሰጠኝ። ዓይን ይገባዋል። ሃያ አንድ ቀን ሳያይ፣ ሳይቆጥር፣ ሳይነካ የሚውል የዕቅድ ሰው ካለ ያሳዩኝ። እኔ ወንበር አውጥቼ ዶሮ ቤቱ አጠገብ ፊቴን ወደ ሌላ አድርጌ እቀመጥ ነበር። የሰፈሩን ድመት እጠብቃለሁ፣ ጭላት ስታንዣብብ እጮኻለሁ። በመጥረጊያ ሳባርራት የከረምኩትን ዶሮ ውሃና ጥሬ በመዳፌ አቀርብላት ጀመር። በምስጋና ፈንታ አውራ ጣቴን ነከሰችኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ከነጎድጓድ ጋር ሲወርድ ሚስማሩን አሰብኩ። እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ነጎድጓዱ በጮኸ ቁጥር ግን፣ «እንኳን ቀበረችው» እላለሁ።

ከሆሳዕና በኋላ በራችን መንኳኳት ጀመረ። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ እንቁላል የማይፈልግ ቤት የለም። «ጋሼ፣ እንቁላል አለ ሲሉ ሰምቼ ነው» ይላሉ። ፊት ለፊታችን ካሉት ከሁለቱም ቤት መጡ፣ ከዕድሩ መጡ፣ ያ ተረቱን የነገረኝ ውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬም መጣ። እያንዳንዱን በእጄ እየጠረግሁ ሰጠሁ። ከአልጋ ሥር ያለው አለቀ፣ ቁም ሳጥኑ ባዶ ሆነ። የሰፈራችን የፋሲካ ድስት ሁሉ ውስጥ የኔ ዶሮዎች እንቁላል አለ ብዬ ሳስብ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ግን ፋሲካ ደረሰ፣ መለኪያው አልተናገረም።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ጉልባናችንን ከበላን በኋላ ባለቤቴ ወደ ገበያ ወጣች። ስትመለስ በእጇ ሽንኩርት ብቻ ነበር፤ ለምን ያን ያህል እንደዘገየች አልጠየቅኋትም። ዓርብ ንጋት ላይ ከግድግዳው ማዶ የማላውቀው አውራ ዶሮ ሲጮህ ሰማሁ። የኔው መለሰለት። ተራ በተራ ሲጯጯኹ ነጋ። ጎረቤታችን አውራ ዶሮ ከየት አመጣች ብዬ ተናደድኩ። ባለቤቴን ስጠይቃት ነጠላዋን እያጣፋች፣ «ዛሬ ስቅለት ነው። የሰው ግቢ የሚደመጥበት ቀን ነው?» አለችኝና ወደ ስግደት ሄደች። አፈርኩና ተከተልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሳለ ከቅርጫቱ ቀጭን ድምፅ መጣ። ጭው። ገብስማዋ ላባዋን ከፍ አደረገች። አትይ የተባልኩትን ረስቼ እስከ ወገቤ ገባሁ። እርጥብ፣ አንገቱን መሸከም ያቃተው፣ ምንቃሩ ላይ ነጭ ነጥብ ያለው ጫጩት ከቅርፊቱ ውስጥ ግማሽ ወጥቶ ያየኛል። ከጎኑ ሌላ። ከሥር ሌላ ቅርፊት ተሰንጥቆ ይንቀሳቀሳል። አለቀስኩ። በሆዴ ተኝቼ፣ ግማሽ ሰውነቴ ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ ሆኖ አለቀስኩ። አቅጄው አልነበረም። አውራው በስሕተት የመጣ፣ ዶሮዋ የሰው፣ እንቁላሉ በጾም የተረፈ። ነገር ግን ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ፣ ሲሆን ደግሞ በዓይኔ አየሁ።

ባለቤቴ ቄጤማ ራሷ ላይ አስራ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ዘጠኝ ሆነዋል። ጎንበስ ብላ አየች፣ አማተበች። «ቀሪዎቹም እስከ ነገ ይወጣሉ» አለች። ሽንኩርቷን ልትልጥ ገባች።

ከሰዓት በኋላ በመስኮት፣ «ቢላዋውን ሳለው!» አለችኝ።

ፋሲካ ነው፣ ቃል ቃል ነው። ቢላዋውን ስስለው ቆየሁ፣ ከሚያስፈልገው በላይ። ከዚያ ሄጄ አውራ ዶሮዬን ያዝኩት። ለመያዝ አልታገለኝም፣ እጄን ያውቀዋል። ብብቴ ውስጥ ሆኖ ልቡ ሲመታ ይሰማኛል። ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው ማለት ነው፤ ከዚያ በየሳምንቱ አንድ፣ ከዚያ ጎመን። ይዤው ወደ ማድቤቱ በር መጣሁ።

«ምን ልታደርገው ነው?» አለች።

«ልናርደው አይደለም እንዴ?»

እጇን በቀሚሷ ጠረገችና በአጠገቤ አልፋ ወደ ኋላ ግድግዳ ሄደች። «እሺ፣ አምጪልኝ!» ብላ ተጣራች። ጎረቤታችን በግድግዳው ላይ ብቅ አለች፣ ሳቋን መያዝ አቅቷታል። በእጇ አንድ ትልቅ ቀይ አውራ ዶሮ አለ፣ እግሩ የታሰረ። ዓርብ ንጋት ሲጮህ የሰማሁት እሱ ነው። «ጋሼ፣ ሁለት ቀን ጮኸብኝኮ! በይ እትዬ፣ እንኳን አደረሳችሁ» ብላ አቀበለቻት።

አሥራ ሁለት ዶሮ ግቢው ውስጥ ያለ ሰው፣ ለፋሲካ ዶሮ ከገበያ ተገዝቶለት! መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ የኔው ለድስት አይበቃም ማለቷ መሰለኝ። አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«የልጆች አባት ላይ ቢላዋ ታነሣለህ? ወደ ቤቱ መልሰው» አለች።

«መቼ ነው የገዛሽው?»

«ሐሙስ» አለች፣ እንደ ተራ ነገር። ከራሷ ላይ ካለው ቄጤማ አንዲት ዘለላ መዝዛ፣ ሄዳ በዚያች በጠበበችው በር ላይ አሰረቻት፤ ቀዩን ዶሮ እጄ ላይ አስቀመጠችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

በአንድ ብብቴ አንዱን፣ በሌላው እጄ ሌላውን ይዤ ቀናት ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ሐሙስ ዕለት ከአሥራ ሦስቱ እንቁላል አንዱም ገና አልተሰነጠቀም ነበር።